ገንዘቡ ደርሷል፤ አላደረም፦ ስልክ ርቀትን አጥፍቷል ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ሰሞን አንድ ጽሑፍ በሐዋሳ ወዳጆቼ መካከል ሲዟዟር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ናቸው የላኩልኝ፤ ሦስቱም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ጠይቀዋል። የጠየቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ላለፉት 11 ዓመታት ከሐዋሳ እየተነሳሁ በሲዳማ ወረዳዎች ለሚሠሩ ቡና አቅራቢዎች ሒሳብ እይዛለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ የማሳልፈው እሸት ቡና በሚመዘንበትና ገንዘብ በሚቆጠርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን እርሳስ ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በስልክ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ በመስፋፋቱ በከተማና በገጠር፣ በመሃልና በዳር መካከል የነበረው የኢኮኖሚ ልዩነት እየጠበበ ነው። ለዚህም አምስት ነጥብ ያቀርባሉ። የተጠቃሚው ቁጥር በአስር ሚሊዮኖች ደርሷል፤ ርቀት ትርጉም ስላጣ የባንክ ቅርንጫፍ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ኬንያና ቻይና ይህንኑ አሳይተውናል፤ ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጠው ብድር ገበሬውን ባለ ካፒታል ያደርገዋል፤ አሁንም የቀረ ክፍተት ካለ ደግሞ ምክንያቱ የገጠሩ ሕዝብ የግንዛቤ ማነስ ነው።

ከመቃወሜ በፊት አንድ ነገር ልመስክር። ጸሐፊው ከተማ ገብተው የሚሠሩ ልጆች ለቤተሰባቸው ስለሚልኩት ገንዘብ የጻፉት ትክክል ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየወረዳው የመጡት ወጣት ሴቶች ደመወዛቸውን የሚልኩት በሰው እጅ ነበር። መናኸሪያ ሄደው ወደ አገራቸው የሚሳፈር የሚያውቁት ሰው ይፈልጋሉ፤ ገንዘቡን በወረቀት ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ስም ጽፈው፣ አደራ ብለው ይሰጣሉ። መድረሱ የሚታወቀው ሌላ ሰው ከዚያ ሲመጣ ነው። ዛሬ ከፈረቃ የወጣች ልጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትልካለች፤ አባቷ ሌሊት ቢታመም እስኪነጋ መጠበቅ የለባትም። ኬንያ ውስጥ ዊሊያም ጃክና ታቭኒት ሱሪ ያደረጉት ጥናትም ይህንኑ ነው ያገኘው። በሽታ ወይም የሰብል መጥፋት ሲደርስ የስልክ ገንዘብ የማይጠቀመው ቤተሰብ ፍጆታውን በ7 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ ተጠቃሚው ከዘመድ ከወዳጅ ወዲያው ስለሚላክለት ኑሮው አይናጋም። ይህን የሚያቃልል ሰው በክፉ ቀን ገንዘብ ጠብቆ አያውቅም።

ነገር ግን ልጅ ለእናቷ የምትልከው ብር ከተማው ካገኘው ለገጠሩ የተካፈለ ነው። ገጠሩ በራሱ ማግኘት ጀመረ ማለት አይደለም። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩት ድልድይ ሳይሠሩ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለዚያ ስለጎደለው ድልድይ ነው።

ወደ ቁጥሩ ልሂድ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፤ ኬንያ ላይ የተጀመረው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ተከትሎ ገብቷል። የዓለም ባንክ ዳሰሳ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2014 ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን የገንዘብ ተቋም ሒሳብ የነበራቸው 22 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ወደ 35፣ በ2022 ወደ 46 በመቶ አደጉ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ አልክድም። ግን ሁሉም የአገር ድምር ነው። ጸሐፊው የያዙት ርዕስ በክልልና በክልል፣ በወረዳና በከተማ መካከል ስላለው ልዩነት ሆኖ ሳለ ማስረጃቸው ልዩነትን የማያሳይ ቁጥር ነው። ድምሩ በሐዋሳ ብቻ ቢያድግም ያድጋል፤ በሲዳማ ገጠር ባለችው በበንሳ ወረዳ ብቻ ቢያድግም ያድጋል። የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

ሰው ሒሳቡን ለምን እንደከፈተም አይናገርም። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ የሚገዛው በስልክ ክፍያ እንዲሆን ሲደነገግ፣ በሐዋሳ ያለ የባጃጅ ሹፌር በሙሉ በአንድ ሰሞን ደንበኛ ሆነ። ቤንዚን መግዛት ነበረበትና ሆነ። ዛሬም ጠዋት የዕለቱን የነዳጅ ገንዘብ ያስገባል፤ ማደያ ላይ ይከፍላል፤ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ይህ ሰው በቁጥሩ ውስጥ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለት ሲም ካርድ ካለው ሁለት ተብሎ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ጸሐፊው በንሳን በስም ጠርተዋልና። በንሳ ላይ ቡናውን የሚሸጥ ገበሬና ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ በገንዘብ ረገድ ዛሬ ጎረቤታሞች ሆነዋል ይላሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ከአለታ ወንዶ አልፎ ወደ በንሳ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኝ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበርሁ። እኛ ሳይት የምንለው ነው። የሳይቱን ባለቤት ለገበሬዎች በስልክ እንዲከፍል ያግባባሁት እኔው ራሴ ነኝ። ምክንያቴ ቀላል ነበር። በየምሽቱ በጆንያ የሞላ ገንዘብ በጨለማ መንገድ ማጓጓዝ ያስፈራል፤ ሌሊት ብር ስንቆጥር ዓይናችን ይጠፋል፤ ስህተትም አይጠፋም። ብሔራዊ ባንክ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ በማውጣት ላይ ያደረገው ገደብ ደግሞ በቡና ወቅት ጭንቀታችንን አብዝቶት ነበር። ባለቤቱ እሺ አለ። ስልክ ያላቸውን ገበሬዎች መዘገብን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች ደስ የሚሉ ነበሩ። ገበሬው ቡና የሞላውን ማዳበሪያ ከትከሻው ያወርዳል፤ መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እኔ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ስልኩ ጢው ይላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የስልኩን ገንዘብ በጥሬ ብር ከሚመነዝረው፣ በአካባቢው ካለው ብቸኛ ወኪል ደጃፍ ላይ ያየሁት ሰልፍ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ወኪሉ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና ብስኩት የሚሸጥ ወጣት ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ሳይሆን በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ አለቀ። ሰልፉ ግን አልተበተነም። ገንዘብ ለማምጣት ወረዳው ከተማ ድረስ በሞተር ብስክሌት መሄድ ነበረበት፤ እዚያም በቡና ወቅት ባንኩ ራሱ ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ያመጣው ለግማሹ ሰልፈኛ እንኳ የማይበቃ ነበር። በማግስቱ ወኪሉ ከሺህ ብር ላይ 20 ብር መቁረጥ ጀመረ። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ ብጠይቀው ለመጓጓዣና ለጠፋበት ቀን መሆኑን ነገረኝ። ልከራከረው አልቻልሁም። እውነቱን ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ የባሰው መጣ። ከሳይቱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰብሳቢ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ተቀመጠ። በኪሎ ከእኛ ዋጋ አሳንሶ ነበር የሚገዛው። ገበሬዎቻችን ለእሱ ይሸጡ ጀመር። እሸት ቡና አያድርም፤ በለቀማው ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ማታ ላይ ማዳበሪያ ተሸክሞ የቆመ ሰው የልጁን የደብተር ዋጋ ነገ መክፈል ካለበት፣ ስልኩ ላይ ካለ ከፍ ያለ ቁጥር ይልቅ በእጁ የሚጨብጠውን ዝቅ ያለ ብር ይመርጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀሪ ሒሳብ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ባለቤቱ ወደ ጆንያው ተመለሰ። እኔም አልተከራከርሁም።

አሁን ፒያሳን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ፒያሳ ላይ ከአንዱ ወኪል እስከ ሌላው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ከዚያም በላይ ነጋዴው ወኪል አያስፈልገውም። ጅምላ አከፋፋዩ በስልክ ይቀበለዋል፤ የመብራት ሒሳብ በስልክ ይከፍላል፤ ምሳ የበላበት ቤት በስልክ ይቀበለዋል። የስልኩ ሺህ ብር ሐዋሳ ላይ ሺህ ብር ነው። በንሳ ላይ ያው ሺህ ብር 980 ይሆናል፤ ሰብሳቢው ከኪሎው ላይ የቀነሰው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ርቀቱ አለ፤ የሚከፈለው ግን በእግር መሆኑ ቀርቶ በዋጋ ሆኗል። የሚከፍለውም ያው ገበሬው ነው።

ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የዓለም ባንክ መረጃ የኤሌክትሪክ ብርሃን የሚያገኘው የአገራችን የገጠር ሕዝብ ከግማሽ በታች መሆኑን ያሳያል። ስልኩን ለማስሞላት ገበያ ድረስ ሄዶ የሚከፍል ሰው ቀሪ ሒሳቡን በፈለገው ሰዓት ማየት አይችልም።

ቅርንጫፍ አያስፈልግም የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። ወኪሉ ጥሬ ገንዘብ ያመጣው ከየት ነው? ከቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፍ በሌለበት ወኪል ባዶ እጁን ነው። ብሔራዊ ባንክ ያወጣቸው የቅርብ ዓመታት ሪፖርቶች ደግሞ ከአገሪቱ የባንክ ቅርንጫፎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከሕዝቡ ከሃያ አንዱ እንኳ በማይኖርባት በአዲስ አበባ እንደተከማቹ ያሳያሉ። ይህ ስርጭት ሳይቀየር ስልክ ብቻ ቢጨመርበት ወኪሎቹም ቅርንጫፎቹ ባሉበት ይከማቻሉ፤ የተከማቹትም እዚያው ነው።

ኬንያ ላይ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት በቁጥሩ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሱሪና የጃክ ጥናት ኤም-ፔሳ 194,000 ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶውን፣ ከድህነት ማውጣቱን ጽፏል፤ 185,000 ሴቶችም ከእርሻ ወደ ንግድ እንደተሸጋገሩ ጨምሯል። ጸሐፊው ይህን በትክክል ጠቅሰዋል። የተዉት ግን ጥናቱ ምን እንደለካ ነው። ተመራማሪዎቹ የተከተሉት በየቤቱ አቅራቢያ ስንት ወኪል እንደተከፈተ ነበር። ኑሮው የተሻሻለው ወኪል በእግር መንገድ የቀረበለት ሰው ነው። ስልክ እጁ ላይ ኖሮ ወኪሉ የራቀው ኬንያዊ እንደ በንሳው ገበሬ ሰማይ ሰማይ ነበር የሚያየው። እንግዲህ ጥናቱ ለእኔ ይመሰክራል እንጂ ለእሳቸው አይደለም።

ቻይናም ቢሆን የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያሉትን ዓመታት በሚሸፍነው መለኪያ በምሥራቅ ጠረፍና በመሃል አገር ባሉ ክፍለ ግዛቶች መካከል የነበረው የዲጂታል ፋይናንስ ልዩነት መጥበቡን እቀበላለሁ። ግን ከስልኩ ኋላ መንገድ ነበር፣ መብራት ነበር፣ ዕቃ የሚያደርስ መኪና ነበር። እንዲያም ሆኖ በኢንተርኔት ሽያጭ የበለጸጉት መንደሮች በብዛት የሚገኙት ቀድሞም ፋብሪካና ወደብ በነበራቸው በነዜጂያንግና ጓንግዶንግ ነው። የሚሸጥ ነገርና የሚያወጣው መንገድ ያለው አካባቢ በስልኩ ተጠቀመ፤ የሌለው ስልኩን ብቻ ያዘ።

ጸሐፊው ያላነሷት አንዲት አገር አለች፤ እሷን እኔ ላንሳ። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1990 ድረስ አንድ ሕግ ነበረው። አንድ ባንክ ሌላ ቅርንጫፍ ባለበት ከተማ አንድ ለመክፈት ከፈለገ ምንም ባንክ በሌለባቸው አራት ቦታዎች መክፈት ነበረበት። ሮቢን በርጀስና ሮሂኒ ፓንዴ ይህን መርምረው በገጠር የተከፈቱት ቅርንጫፎች የገጠር ድህነትን መቀነሳቸውን አሳይተዋል። የተበላሸው ብድር ብዙ ነበር፤ ያንን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ሕጉም ኋላ ላይ ቀርቷል። ነገር ግን በክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት ስለማጥበብ የሚጽፍ ሰው ኬንያና ቻይናን ጠርቶ ይህን ታሪክ ማለፍ የለበትም፤ ታሪኩ የሚናገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነውና።

አሁን ብድሩ። ከአምስቱ ነጥቦች ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ልዩነቱ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ገንዘብ አንድ ወረዳ ውስጥ ማለፉ ወረዳውን አያሳድገውም። የሚያሳድገው እዚያ ሲያድር ነው። ማደር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ገበሬ ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ያስገባል። ባንኩ ያንን ገንዘብ አልጋ ላይ አያስተኛውም፤ ለሌላ ሰው ያበድረዋል። የተበደረው ሰው እዚያው ወረዳ ወፍጮ ቢተክል፣ የቡና መፈልፈያ ቢያቆም፣ ሁለት የወተት ላሞች ቢገዛ፣ ገንዘቡ አደረ ማለት ነው፤ ነገም ለሌላ ሰው ሥራ ይሆናል። የተበደረው በሐዋሳ ሆቴል የሚሠራ ወይም በአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣ ከሆነ ግን የበንሳ ቁጠባ ሌላ ከተማ አሳደገ ማለት ነው። ድሮ ገበሬው ብሩን በቅል ውስጥ ሲያስቀምጥ ቢያንስ ገንዘቡ ከመንደሩ አይወጣም ነበር። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ የዕቁብ ብር ከአባላቱ ቤት ወደ አባላቱ ቤት ይዞራል እንጂ አዲስ አበባ አይሄድም። ስልኩ ያመጣው አዲስ ነገር ከቅሉ የወጣው ብር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ መሃል አገር መግባት መቻሉ ነው። መንገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ያስኬዳል። ጸሐፊው ያዩት ወደ ታች የሚመጣውን ብቻ ነው።

ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ ብድር ይህን ይቀይራል ይላሉ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር የጀመረው መላ የተባለው ብድር፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ሚቹ ብሎ ያቀረበው፣ ለብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች መተንፈሻ ሆነዋል። ሐዋሳ ውስጥ አትክልት የምትሸጥ እህት ጠዋት ተበድራ ዕቃዋን አንስታ በሳምንት ውስጥ ስትመልስ አይቻለሁ። ቀድሞ አራጣ አበዳሪ ደጅ ነበር የምትጠናው። ይህ መልካም ነው።

ለገበሬው ግን ይህ ብድር በልኩ አልተሰፋም። ኬንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር ሲጀመር የሚሰጠው ለ30 ቀን ሲሆን የሚያስከፍለው 7.5 በመቶ ነበር። የእኛዎቹም በጥቅሉ የአጭር ጊዜ ናቸው። የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ እንሰት እስኪደርስ ከዚያም ይበልጣል። በወር የሚመለስ ብድር ወስዶ ያረጀ ቡና ነቅሎ ችግኝ የሚተክል ገበሬ የለም። ቢኖር በሁለተኛው ወር ይከስራል። ኬንያ ውስጥ በጥቃቅን የስልክ ብድር ምክንያት ስማቸው በዕዳ መዝገብ የገባ ሰዎች እጅግ በዝተው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አበዳሪዎቹን በማዕከላዊ ባንኩ ቁጥጥር ሥር የሚያስገባ ሕግ ለማውጣት ተገድዷል።

ከዚያ ደግሞ ማን ስንት እንደሚበደር የሚወስነው አሠራር አለ። ኮምፒውተሩ የሚመለከተው የስልኩን እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ገባ፣ ስንት ጊዜ ወጣ እያለ። የፒያሳው ባለ ሱቅ በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይቀበላል። ገበሬው ከጥቅምት እስከ ጥር ገንዘብ ይገባለትና ለስምንት ወራት ዝም ይላል። በዓመት ሲደመር ገበሬው የተሻለ ገቢ ቢኖረው እንኳ ለኮምፒውተሩ የሞተ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚያበድረው ለባለ ሱቁ ነው። ገጠሩ በዳኛ ፊት ሳይቀርብ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የተዘጋው በር የትንሹና የሩቁ ተበዳሪ ነበር። ወደ ትልልቆቹ ደንበኞች ለመሄድ ማንም ባንክ ምክር አያስፈልገውም።

መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ሰብልና ከብትም ጭምር፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመሬቱን የመጠቀም መብት አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። የሲዳማ ባንክና የኦሞ ባንክ ከማይክሮ ፋይናንስ ተነስተው ባንክ የሆኑ ናቸውና ከገበሬ ጋር በቡድን መሥራትን ያውቁታል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። የእነዚህን ሕጎች ፍሬ የምናየው ግን መሬቱን አይቶ፣ ቡናውን ቆጥሮ፣ የአራት ዓመት ብድር የሚፈቅድ ሰው ወረዳው ከተማ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ያ ሰው የሚቀመጠው ደግሞ ጸሐፊው አያስፈልግም ባሉት ቅርንጫፍ ውስጥ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ የግንዛቤ ማነስ የሚለው። ይህን ሳነብ አዝኛለሁ።

በዚያው ሳይት የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ያለፈ ይመስለኛል። የሦስት ሳይቶችን የዕለት ዋጋ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። የየትኛው መዛኝ እጅ ሚዛን ላይ እንደሚከብድ ያውቃሉ። ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ አይናገሩም፤ ማንበብም አልተማሩም። በስልክ ከተከፈላቸው ምሽት በኋላ በማግስቱ ገንዘባቸውን አንድም ብር ሳያስቀሩ ለማውጣት ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ለወጪ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ አውጥተው ቀሪውን እዚያው ቢያስቀምጡ አይሻልም ወይ አልኋቸው። ሳቅ ብለው አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ስልኩ የልጄ ነው። ቁጥሩም የወጣው በልጄ ስም ነው። እሱ ደግሞ ሐዋሳ ገብቷል። የመጣውን መልእክት ያነበበልኝ የጎረቤት ልጅ ነው፤ የምሥጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ባለ ሱቁ ነው። ከሦስቱ መካከል እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

ምንም አልመለስሁላቸውም። ግንዛቤ ጎድሏቸው ነበር እንዴ? ከሁላችንም በተሻለ ተገንዝበውታል። በስማቸው የተመዘገበ ስልክ፣ በሚሰሙት ቋንቋ የሚናገር መልእክት፣ የምሥጢር ቁጥራቸውን ለሌላ ሳይሰጡ የሚጠቀሙበት መንገድ አልነበራቸውም። ገንዘባቸውን ማውጣታቸው ካለማወቅ ሳይሆን ከማወቅ የመጣ ውሳኔ ነበር። ግንዛቤ የሚለው ቃል ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ጫንቃ ላይ ጭኖ አገልግሎቱን የሠራውን ወገን ነፃ ያወጣል። ስለ ሌላው ነጥብ ብንለያይ እንኳ ይህን ቃል ጸሐፊው ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚቀጥሉ ከሆነ ሁለት ቁጥር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። አንደኛው፣ ባለፈው የቡና ወቅት ከበንሳ ወረዳ በባንክም በስልክም የተሰበሰበው ተቀማጭ ስንት ነበር? ሁለተኛው፣ ከዚያ ውስጥ እዚያው በንሳ የተበደረው ስንት ነው? ሁለቱም ቁጥሮች በየባንኮቹ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ፤ ብሔራዊ ባንክም በየወረዳው ከፋፍሎ በየዓመቱ እንዲያወጣቸው ማድረግ ይችላል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እየተቀራረበ ከሄደ ገንዘቡ እያደረ ነውና እኔ ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴንም እንደዚሁ በጽሑፍ አምናለሁ። እስከዚያው ግን በመጪው ኅዳር ከእኔ ጋር ወደዚያ ሳይት ቢመጡ በደስታ ይዣቸው እሄዳለሁ። ከሐዋሳ የምንነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ማታም እሸት ቡናው ተመዝኖ እስኪያልቅ አብረን እንቆያለን።